በሚሊንግ ሥራ ቻተርን መተንበይ፦ ከእኩልታው ይልቅ መለኪያው

የሚሊንግ ማሽን ሠራተኛ ቻተርን የሚያውቀው ከማንኛውም መለኪያ በፊት በጆሮው ነው። መሣሪያው በለመደው ድምፅ እያጉረመረመ ሲቆርጥ ይቆይና በድንገት ድምፁ ይለወጣል፤ ጩኸቱ ይስላል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ በተቆረጠው ገጽ ላይ ተመሳሳይ ርቀት ያላቸው ሰንበሮች ይታተማሉ። ሠራተኛው ያን ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ ጥልቀቱን ይቀንሳል፣ ወይም ፍጥነቱን ይለውጣል፣ ወይም ሁለቱንም ያደርግና በአንድ ሰዓት ሊያልቅ የሚችለው ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለ ብረት ቆረጣ ጥበብ ያደረገውን ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው ፍሬድሪክ ቴይለር ይህን ክስተት የማሽን ሠራተኛን ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ እጅግ ስውርና አስቸጋሪ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስውር የነበረው ምክንያት ተገልጧል፤ በእኩልታም ተጽፏል። ይሁን እንጂ በብዙ ወርክሾፖች ሠራተኛው ዛሬም የሚያምነው ጆሮውን እንጂ ተመራማሪው የሚያቀርብለትን የመረጋጋት ሥዕል አይደለም። ይህንን በሠራተኛው አለማወቅ ማመካኘት ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። ሥዕሉን የሚሠሩት ሰዎች ሥዕሉ የት እንደሚያስተማምን፣ የት ደግሞ እንደማያስተማምን አብረው አለመናገራቸው ለአለመተማመኑ ትልቅ ድርሻ አለው።

የክስተቱ ሥረ ነገር ረጅም ማብራሪያ አይሻም። አንዱ ጥርስ በብረቱ ላይ ሲያልፍ መሣሪያው ጥቂት ቢነዝር የንዝረቱ ሞገድ በገጹ ላይ ተቀርጾ ይቀራል። ተከታዩ ጥርስ የሚቆርጠው ይህንኑ የሞገደ ገጽ ሲሆን እርሱም ራሱ ይነዝራል፤ ስለዚህ በየቅጽበቱ የፍቅፋቂው ውፍረት የሚወሰነው አሁን ባለው ንዝረትና ከአንድ የጥርስ ጊዜ በፊት በነበረው ንዝረት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ውፍረቱ ሲለዋወጥ ኃይሉ ይለዋወጣል፤ ኃይሉ ሲለዋወጥ መሣሪያው ይበልጥ ይነዝራል። ከውጭ የሚገፋው ነገር ሳይኖር ራሱን በራሱ የሚመግብ ንዝረት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ ቶቢያስና ፊሽዊክ በእንግሊዝ፣ ትሉስቲና ባልደረቦቹ በቼኮዝሎቫኪያ ይህን ግንዛቤ ወደ ስሌት አደረሱት። የተገኘው እኩልታ የአሁኑን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም የሚያስታውስ፣ የጊዜ መዘግየት ያለበት ዲፈረንሺያል እኩልታ ነው።

ከዚህ እኩልታ የሚወጣው ውጤት ልምድ ያለውን ሠራተኛ ሳይቀር የሚያስገርም ነው። ሁለቱ ሞገዶች፣ ማለትም ቀዳሚው ጥርስ የተወው ሞገድና ተከታዩ የሚፈጥረው ሞገድ፣ እኩል ከፍ እኩል ዝቅ የሚሉ ከሆነ የፍቅፋቂው ውፍረት አይለዋወጥም፤ የሚመግበው ስለሌለም ንዝረቱ ይሞታል። ይህ የሚሆነው በአንድ የጥርስ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ሞገዶች ሲያልፉ ነው። የመሣሪያው ጫፍ የተፈጥሮ ድግግሞሽ 800 ሄርዝ፣ ጥርሶቹም ሁለት ቢሆኑ፣ አመቺዎቹ ፍጥነቶች በደቂቃ 24,000፣ 12,000፣ 8,000፣ 6,000 ዙር እያሉ ይወርዳሉ። በእነዚህ ፍጥነቶች አካባቢ በአንድ ጊዜ ሊቆረጥ የሚችለው ጥልቀት ከሌሎቹ ፍጥነቶች በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቻተር ሲነሣ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ፍጥነት መቀነስ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ መጨመር ነው። ጥልቀትን በፍጥነት ላይ አድርጎ እነዚህን ጉብታዎችና ሸለቆዎች የሚያሳየው መስመር የመረጋጋት ሎብ ይባላል።

በሚሊንግ ነገሩን የሚያወሳስበው ጥርሱ እየዞረ የኃይሉን አቅጣጫ በየቅጽበቱ መለወጡና አንድ ጊዜ በብረቱ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ከብረቱ ውጭ መሆኑ ነው። አልቲንታሽና ቡዳክ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ዘዴ ይህን ተለዋዋጭ አቅጣጫ በአማካዩ በመተካት ሎቡን በአጭር ስሌት እንዲገኝ አደረገ። ጥርሱ ብዙ በሚቆርጥበት ሥራ ዘዴው በሚገባ ይሠራል፤ ዛሬም በኢንዱስትሪ ውስጥ በስፋት የሚታወቀው እርሱ ነው። መሣሪያው የብረቱን ጠርዝ ብቻ እየነካ በሚያልፍበት ሥራ ግን አማካዩ ያታልላል፤ ንዝረቱ በየሁለት ጥርስ የሚደገምበት ሌላ ዓይነት አለመረጋጋት ብቅ ይላል፣ አማካዩም አያየውም። ይህን ለመያዝ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቡዳፔስት የሚገኙት ኢንስፐርገርና ስቴፓን የጊዜ መዘግየቱን በትንንሽ ክፍልፋዮች የሚከፋፍል ዘዴ አዘጋጁ፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም በየበኩላቸው ተመሳሳይ መንገዶችን አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቻይና የመጣው ሙሉ የመከፋፈል ዘዴ ስሌቱን ይበልጥ አፋጠነው።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በመስኩ ከሚታተሙት ጽሑፎች ቁጥሩ ቀላል የማይባለው የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፦ የታወቀው እኩልታ ይወሰዳል፣ ቀድሞ በሌሎች የታተሙ የግትርነት፣ የማርገብና የድግግሞሽ ቁጥሮች እንዳሉ ይገባሉ፣ የመከፋፈያው ቅደም ተከተል በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ከዚያም ሎቡ ከቀድሞው ዘዴ ባነሰ ሰከንድ መገኘቱ በሠንጠረዥ ይቀርባል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሒሳቡም አንዳንዴ ውበት አለው። ጥያቄው ግን ማን እየጠበቀ ነበር የሚል ነው። አንድ የማሽን ፕሮግራም አዘጋጅ ሎቡን የሚያወጣው ለአንድ መሣሪያ አንድ ጊዜ ነው፤ ኮምፒውተሩ አሥር ሰከንድ ይፍጅ አንድ ሰከንድ፣ በመካከሉ ቡናውን እንኳ አይጨርስም።

የሚጠብቀው ሌላ ነው፦ የገባው ቁጥር እውነት መሆኑን። ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በቀላሉ ባለ አንድ አቅጣጫ ሞዴል፣ በየትኛውም ፍጥነት ቻተር የማይነሣበት ትልቁ ጥልቀት የሚገኘው የመሣሪያውን ግትርነት በማርገብ ምጣኔው አባዝቶ፣ ያን በሁለት አጥፎ፣ ለብረቱ የቆረጣ ኃይል ምጣኔ በማካፈል ነው ማለት ይቻላል። ግትርነቱ በማይክሮን 20 ኒውተን፣ የማርገብ ምጣኔው 3 በመቶ፣ የአሉሚኒየሙ የቆረጣ ኃይል ምጣኔ በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ቢሆን፣ ጥልቀቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን የማርገብ ምጣኔው 3 ሳይሆን 2 በመቶ ነው እንበል። ጥልቀቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ማርገብ በንዝረት መለኪያ ውስጥ በአስተማማኝነት ለመያዝ ከሁሉ የሚያስቸግረው መጠን ነው፤ ያው መሣሪያ ተፈትቶ እንደገና ቢታሰርና በመዶሻ ቢመታ በ2 እና በ3 በመቶ መካከል ቢዋልል የሚደነቅ የለም። እንግዲህ የሒሳቡ ዘዴ በሺህ አንድ እንዳይሳሳት ሲደከም፣ የመግቢያው ቁጥር ውጤቱን በሲሶ ያዛባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ምት የተለካ ማርገብ ላይ የቆመ ሎብም በመጀመሪያው ቆረጣ ላይ ሊፈታ ይችላል።

የድግግሞሹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የተፈጥሮ ድግግሞሹ ከ800 ወደ 760 ሄርዝ ቢወርድ፣ ይኸውም 5 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ በ12,000 ዙር የነበረው ጉብታ ወደ 11,400 ይሸሻል። ቀጣዩ ጉብታ 8,000 አካባቢ ስለሆነ ፕሮግራም አዘጋጁ ፍጥነቱን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ጉብታውን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። በዝቅተኛ ፍጥነት ግን ጉብታዎቹ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። አሥረኛው ጉብታ 2,400 ዙር ላይ፣ አሥራ አንደኛው 2,182 ላይ ነው። ያው የ5 በመቶ ለውጥ ሲደርስ አሥረኛው ወደ 2,280፣ ዘጠነኛው ደግሞ ወደ 2,533 ይመጣሉ። 2,400 ዙርን ለደኅንነቱ ሲል የመረጠው ሰው በሁለቱ መካከል፣ ሸለቆው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ ምርጥ የነበረው ነጥብ በማሽኑ ላይ ከመጥፎዎቹ አንዱ ሆነ፤ እኩልታው ግን አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

ድግግሞሹን 5 በመቶ የሚያንቀሳቅስ ነገር ከየት ይመጣል? ከብዙ ቦታ። የመዶሻ ፍተሻ የሚደረገው ስፒንድሉ ቆሞ ነው፤ ሲሽከረከር የኩሽኔታዎቹ ግትርነት በፍጥነቱና በሙቀቱ ይለወጣል። መሣሪያው ከመያዣው የሚወጣበት ርዝመት በሠራተኛው እጅ ይወሰናል፤ አንድ ጫፉ የተያዘ ዘንግ ግትርነቱ ከርዝመቱ ኩብ ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፣ 60 ሚሊ ሜትር የነበረው 66 ሲሆን የዘንጉ ግትርነት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስስ ግድግዳ ያለው ሥራ ከሆነ ደግሞ የሚነዝረው መሣሪያው ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ነው፤ ግድግዳውም በተቆረጠ ቁጥር እየቀጠነ፣ ድግግሞሹም ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው እየተለወጠ ይሄዳል። ጠዋት የወጣው ሎብ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሥራ የተሠራ ያህል ነው። የስፒንድሉን ጠባይ አንድ ጊዜ ለክቶ የመሣሪያውንና የመያዣውን ድርሻ በስሌት የማጋጠም ዘዴ፣ በተለይ በቶኒ ሽሚትስና በባልደረቦቹ የተስፋፋው፣ የዚህን ድካም ከፊሉን ያቃልላል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ግትርነትና ማርገብ ግን አሁንም መለካት አለበት።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ይነሣል። የሎብ ንድፈ ሐሳብ የበለጸገው በአውሮፕላን አካላት ሥራ ዙሪያ ነው፤ ከድፍን አሉሚኒየም ላይ አብዛኛው ክብደት ወደ ፍቅፋቂነት በሚለወጥበት፣ ስፒንድሉም በደቂቃ በአሥር ሺዎች በሚዞርበት ሥራ። በዚያ ፍጥነት ጉብታዎቹ ሰፊና ረጃጅም ናቸው፤ ትንበያው ገንዘብ ያስገኛል። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችና በጥገና ወርክሾፖች በብዛት የሚገኘው ማሽን ግን ፍጥነቱ በጊር ሳጥን የሚመረጥ፣ ብረትና ካስት አይረን የሚቆርጥ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ አራት ጥርስ የሃይ ስፒድ ስቲል መሣሪያ በ450 ዙር ሲሠራ የቆረጣው ፍጥነት በደቂቃ 28 ሜትር ገደማ ይሆናል። ንዝረቱ ያው በ800 ሄርዝ ገደማ ከሆነ፣ ማሽኑ የሚሠራው በሃያ ስድስተኛውና በሃያ ሰባተኛው ጉብታ መካከል ነው፤ የሁለቱ ርቀት 17 ዙር ብቻ። እንዲህ ያለ ጊር ሳጥን በ17 ዙር ልዩነት ፍጥነት አያስመርጥም። ለዚህ ማሽን በጥንቃቄ የተሣለ ሎብ የማይደረስበትን ጉብታ የሚያሳይ ነው።

ታዲያ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ጥናት የለም ማለት ነው? እንዲያውም ያልተፈታው ጥያቄ በብዛት ያለው እዚያ ነው። መሣሪያው ቀስ ብሎ ሲሄድ በገጹ ላይ የሚተወው ሞገድ ያጥራል፤ በተጠቀሰው ምሳሌ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከምናምን ይሆናል፣ በ12,000 ዙር ግን 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ሞገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይገደላል፣ የጥርሱ ጀርባም በቁልቁለቱ ላይ ይፈገፈጋል። ይህ ፍግፈጋ ንዝረቱን ያረግባል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ከሎቡ ከሚጠበቀው በላይ ጥልቀት መቁረጥ የሚቻለውም ስለዚህ ነው። የቆረጣ ሂደት ማርገብ የሚባለው ይህ ክስተት በጥርሱ ስለት ክብነት፣ በጀርባው ማዕዘን፣ ከሁሉም በላይ በመሣሪያው መበላት ላይ ይመሠረታል። ጥቂት የተበላ መሣሪያ ከአዲሱ ይልቅ በጸጥታ የሚቆርጥበት ጊዜ እንዳለ አሮጌ ሠራተኞች ያውቃሉ። ምን ያህል ተበልቶ፣ በየትኛው ብረት፣ እስከ ስንት ፍጥነት የሚለውን ግን ለየማሽኑና ለየብረቱ በሙከራ ከመለካት በቀር ሌላ መንገድ የለም። አንድ የማስትሬት ጥናት ይህን ለአንድ ብረትና ለሦስት የመበላት ደረጃዎች ብቻ ቢያደርግ፣ ከአንድ አዲስ የመከፋፈል ዘዴ የበለጠ አገልግሎት ይሰጣል።

የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ተገቢም ነው። ስሌት የሚጠይቀው ኮምፒውተር ብቻ ሲሆን ሙከራ ግን መለኪያ መዶሻ፣ አክሰለሮሜትር፣ የኃይል መለኪያ ጠረጴዛ ይሻል፤ እነዚህም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ፣ ሲበላሹም የሚጠግናቸው የሚጠፋ ናቸው። ተማሪው ሁለት ዓመት አለው፤ ግዥው ራሱ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ይሁንና ሁሉም ጥያቄ የኃይል መለኪያ አይሻም። ቻተር መነሣቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ድግግሞሽ እንጂ ትክክለኛ የድምፅ መጠን አይደለም፤ ድግግሞሽን ደግሞ በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚቀዳ ተራ ስልክ በበቂ ይይዘዋል። በ450 ዙር የሚሠራው ባለ አራት ጥርስ መሣሪያ ጥርሶቹን በሰከንድ 30 ጊዜ ያሳልፋል። በድምፁ ስፔክትረም ውስጥ የሚታዩት ጫፎች በ30 ብዜቶች፣ የመሣሪያው መዛባት ካለም በ7.5 ብዜቶች ላይ ከሆኑ፣ ቆረጣው ጤነኛ ነው። በ821 ሄርዝ ላይ ከየትኛውም ብዜት ጋር የማይገጥም ጫፍ ብድግ ሲል ግን ቻተር ነው። እርግጥ ሁለቱን ለመለየት ቢያንስ የአንድ ሰከንድ ቅጂ ያስፈልጋል፤ በየሁለት ጥርስ የሚደገመው አለመረጋጋት ደግሞ ጥርሶቹ ጎዶሎ ካልሆኑ በቀር ከመሣሪያው መዛባት ጋር ስለሚመሳሰል በድምፅ ብቻ አይለይም፣ ገጹንም ማየት ግድ ይላል። የመቁረጫ ሙከራውም ቢሆን ውድ አይደለም፦ ብረቱ በትንሹ ዘንበል ተደርጎ ይታሰራል፣ መሣሪያው ሲገፋ ጥልቀቱ ከዜሮ ጀምሮ ይጨምራል፣ ጩኸቱ የጀመረበት ቦታም ወሰኑን ያሳያል። ይህንኑ አምስት ጊዜ መድገም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሌላው በቅርብ ጊዜ የመጣው ፈተና ማሽን ለርኒንግ ነው። ብዙ ተማሪዎች ቻተርን በሠለጠነ ሞዴል ለመተንበይ ያቅዳሉ፤ ነገር ግን የማሠልጠኛው መረጃ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱ ከዚያው ከሎቡ እኩልታ የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚማረው ማሽኑን ሳይሆን እኩልታውን ነው፤ የእኩልታውን ስሕተትም ጨምሮ። በ99 በመቶ ትክክለኛነት ሎቡን መልሶ ቢያወጣ የሚያስመሰግነው ነገር ጥቂት ነው፤ ሎቡ በቀጥታ ተሰልቶ ሊገኝ ይችል ነበርና። የሠለጠነው ዘዴ ቦታ የሚኖረው በጥቂት እውነተኛ ቆረጣዎች ላይ ተመሥርቶ የድግግሞሹንና የማርገቡን ግምት ሲያርም፣ ከአንድ ቀጭን መስመር ይልቅም በየነጥቡ የመረጋጋቱን ዕድል ሲያሳይ ነው። በዚህ አቅጣጫ የተጀመሩ ሥራዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ አሉ፤ የሚጠይቁትም ከስሌት ችሎታ ይልቅ በማሽኑ አጠገብ የሚጠፋ ጊዜን ነው።

ለጥናታዊ ጽሑፍ ፈታኞች የሚቀረው ድርሻ ከባድ አይደለም። ሎብ የያዘ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው መሣሪያው ከመያዣው ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ፣ መዶሻው ስንት ጊዜ እንደተመታና መሣሪያው በመካከሉ ተፈትቶ እንደታሰረ፣ የማርገብ ምጣኔው ከየት እስከ የት እንደተዋለለ ይጠይቁ። ከዚያም በሥዕሉ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ይታዩ፤ ክብ ለጤነኛው፣ መስቀል ለቻተሩ፣ ሦስት ማዕዘን ለአጠራጣሪው። ሁሉም ክቦች ከመስመሩ በታች፣ ሁሉም መስቀሎች ከመስመሩ በላይ ከሆኑ ፈታኙ የሙከራ መዝገቡን እንዲያመጣ ተማሪውን ይጠይቅ፤ ከተሳሳተው ወገን የወደቁት ነጥቦች ምናልባት እዚያ ውስጥ ናቸው።